ባሕር ላይ ያልተዋጋችው ክሩዘር፦ የቴሪብል የአገልግሎት ታሪክ

የድሮ ጦር መርከቦችን የአገልግሎት ታሪክ ለማንበብ የሞከረ ሰው ቶሎ ቢሰለች አይፈረድበትም። መዝገቡ ደረቅ ነው። ተሠራች፣ ውሃ ላይ ወረደች፣ ወደዚህ ጣቢያ ተላከች፣ ተመለሰች፣ ለጥገና ገባች፣ ተሸጠች። መሃል ላይ አንድ ደህና ውጊያ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል።

የእንግሊዟ ክሩዘር ቴሪብልም እንደዚያው ናት። አገልግሎት ስትጀምር ከእህቷ ከፓወርፉል ጋር ከዓለም ግዙፍ ክሩዘሮች ተርታ ነበረች። ከ30 ዓመት በላይ በባሕር ኃይሉ መዝገብ ላይ ቆይታለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ከጠላት መርከብ ጋር አንድም ቀን አልተታኮሰችም። ያም ሆኖ የባሕር ኃይል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስሟን ዘለው አያልፉም። ምክንያቱ መርከቧ የሄደችበት ሳይሆን ከላይዋ ላይ የተነቀለው ነው። መድፏ፣ ፓውዛዋ፣ የተኩስ ልምዷ እየተነሣ ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ዋለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ክሩዘር ምንድን ነው የሚለውን እንጨርስ።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ሰብሰብ አድርጎ ነበር የሚይዛቸው። ሥራቸው የሌላ አገር ዋና መርከቦች ቢመጡ ገጥሞ ማሸነፍ ነው። ክሩዘር የተለየ ፍጥረት ነው። ብረት ለበስነቱ ቀለል ያለ፣ ፍጥነቱ ከፍ ያለ፣ ከሰል ሳይሞላ ረጅም መንገድ የሚጓዝ። ብቻውን ይላካል። የንግድ መርከቦችን ይጠብቃል፣ ዘራፊ መርከብ ያሳድዳል፣ ወታደር ያመላልሳል፣ ወደብ ላይ ቆሞ ባንዲራ ያሳያል። ባንዲራ ማሳየት ሲባል ነገሩን ለማሳመር ነው እንጂ ማስፈራራት ማለት ነው። እንግሊዝ የምትበላው ስንዴ ሳይቀር በመርከብ ስለሚመጣ፣ የንግድ መንገዱ ከተቆረጠ አገሩ ይራባል የሚል ስጋት ሁሌም ነበር።

የአገልግሎት ዘመኑም የሚቆጠርበት የራሱ መንገድ አለው። አንድ መርከብ አዛዥና ሠራተኛ ተመድቦለት ይወጣል። ሩቅ ጣቢያ ላይ ሦስት ዓመት ገደማ ያገለግላል። ሲመለስ ሠራተኛው ይበተናል፣ መርከቡ ወይ ጥገና ይገባል ወይ መጠባበቂያ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ ሌላ አዛዥ፣ ሌላ ሠራተኛ። ስለዚህ የአንድ መርከብ ታሪክ እንደ አዛዡ ይለያያል። ያው ብረት በአንዱ ሰው እጅ ሦስት ዓመት አሰልቺ ይሆናል፣ በሌላው እጅ ደግሞ የጋዜጣ ወሬ ይሆናል። የቴሪብልም ዕጣ ይኸው ነው።

ለምን ተሠራች? በፍርሃት ነው። ሩስያ በ1892 ሩሪክ የሚባል ትልቅ ክሩዘር ውሃ ላይ አወረደች። መርከቡ ረጅም ርቀት እንዲጓዝና የንግድ መርከቦችን እንዲያድን የታሰበ ነበር። ለንደን ውስጥ ድንጋጤ ሆነ። የባሕር ኃይሉ ዋና ነዳፊ የነበሩት ዊልያም ዋይት መልስ እንዲሰጡ ታዘዙ፣ መልሱም ሁለት ግዙፍ መርከቦች ሆነ። ፓወርፉል በባሮው፣ ቴሪብል በስኮትላንድ ክላይድባንክ። ቴሪብል ውሃ ላይ የወረደችው በሜይ 1895 ነው፣ አገልግሎት የጀመረችው በ1898።

መጠኗን ልንገራችሁ። ክብደቷ 14,200 ቶን፣ ርዝመቷ 164 ሜትር ገደማ። አራት ጭስ ማውጫ። ወደ 900 የሚጠጋ ሠራተኛ። ፍጥነቷ 22 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ፊትና ኋላዋ ላይ አንዳንድ 9.2 ኢንች መድፍ (ኢንቹ የመድፉ አፍ ስፋት ነው)፣ በጎኖቿ ደግሞ 12 ባለ 6 ኢንች መድፎች። ሆዷ 3,000 ቶን ከሰል ይይዛል። የፈጀችው ወደ 700 ሺህ ፓውንድ ነው፣ ለክሩዘር በዚያን ጊዜ ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ።

ብረት ለበስ ስንል ግን ጎኗ በሙሉ የተሸፈነ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ክሩዘር መከላከያው ውስጡ ነው። የውሃው ወለል አካባቢ፣ ከጎን ወደ ጎን እንደ ጎባጣ ክዳን የተዘረጋ ወፍራም የብረት ወለል አለ። ሞተሩ፣ ውሃ አፍልቶ ለሞተሩ እንፋሎት የሚሰጠው ቦይለርና ጥይቱ ከሱ ሥር ናቸው። ከላይ ያለው ቢበሳሳም መርከቡ መንቀሳቀሱን አያቆምም የሚል ስሌት ነው።

ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሣው ግን በቦይለሮቿ ነው። ቀደም ባሉት ቦይለሮች እሳቱና ጭሱ በቱቦ ውስጥ ያልፋሉ፣ ውሃው ቱቦዎቹን ከብቦ ይፈላል። ብዙ ውሃ ስለሆነ ለመፍላት ሰዓታት ይፈጃል። ቤልቪል የሚባለው የፈረንሳይ ሥሪት ነገሩን ገለበጠው። ውሃው ቱቦ ውስጥ ገባ፣ እሳቱ ውጭ ሆነ። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ መርከቧም ቶሎ ትነሣለች። ቴሪብል 48ቱን ተሸከመች። ችግሩ ቱቦዎቹና መጋጠሚያዎቻቸው ብዙ መሆናቸው ነው። ያፈሳሉ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፣ መሐንዲሶቹም ገና አልለመዷቸውም። ነገሩ ፓርላማ ደርሶ መጨቃጨቂያ ሆነ። የተቋቋመው ኮሚቴ በ1901 ለአዳዲስ መርከቦች ቤልቪል አይገጠም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ውሃን በቱቦ ውስጥ የማፍላቱ ሐሳብ ራሱ ግን ትክክል ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጡ የጦር መርከቦችም ይዘውት ቀጠሉ።

የሚያስቀው ነገር፣ ይህ ሁሉ የተደረገለት ሩሪክ እንደተፈራው አልነበረም። ፍጥነቱ 18 ኖት ገደማ ነበር። እንግሊዞች ላልመጣ እንግዳ ትልቅ ድግስ ደግሰው ቀሩ።

በሴፕቴምበር 1899 ፐርሲ ስኮት የሚባል ካፒቴን ቴሪብልን ተረከበ። የመድፍ ተኩስ አባዜ የያዘው፣ በእጁ መሥራት የሚወድ፣ ከአለቆቹ ጋር የማይስማማ ሰው ነበር። ትእዛዙ ወደ ቻይና ጣቢያ ሄዶ ፓወርፉልን መተካት ነው። በተለመደው የስዊዝ መንገድ ሳይሆን አፍሪካን ዞሮ በኬፕ በኩል እንዲሄድ ተነገረው፣ ምክንያቱም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከቦር ሪፐብሊኮች፣ ማለትም ከደች ዘር ሰፋሪዎች መንግሥታት ጋር ጦርነት ሊነሣ ነበር። ኦክቶበር 11 ጦርነቱ ተጀመረ። ቴሪብል ከሦስት ቀን በኋላ ኬፕ ታውን አጠገብ ያለው የሲሞንስታውን የባሕር ኃይል ሰፈር ደረሰች። ከቻይና የምትመለሰው ፓወርፉልም እዚያው ነበረች።

ቦሮቹ መርከብ የላቸውም። ባሕር ላይ የሚታኮስ ጠላት የለም። የነበራቸው ከፈረንሳዩ የክሩዞ ፋብሪካ የገዟቸው፣ እንግሊዞች ሎንግ ቶም ያሏቸው ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፎች ናቸው። አንዱ ጥይት 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። የእንግሊዝ ጦር የሜዳ መድፍ በፈረስ ስለሚጎተት ቀላል መሆን ነበረበት። የሚፈነዳውን ጥይት በትክክል የሚያደርሰው አራት ኪሎ ሜትር እንኳ ላልሞላ ርቀት ነው። ቦሮቹ ኮረብታ ላይ ሆነው እንደልባቸው ይተኩሳሉ፣ እንግሊዞች አይደርሱባቸውም።

ረጅም ርቀት የሚተኩስ መድፍ ያለው ባሕር ኃይሉ ጋ ነው። እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የመርከብ መድፍ ጎማ የለውም። ወለሉ ላይ በተተከለ የብረት መቆሚያ ላይ በቡሎን ታስሮ ነው የሚኖረው። ሲተኮስ ወደኋላ የሚገፋውን ኃይል የዘይት ሲሊንደርና የመርከቡ ክብደት ይቀበሉለታል። ባለ 4.7 ኢንቹ መድፍ ቱቦው ብቻ ሁለት ቶን ይመዝናል። ይህን አውጥቶ ሣር ላይ አስቀምጦ ቢተኩሱት ተገልብጦ ተኳሾቹን ይጨርሳቸዋል።

ስኮት የሠራው መፍትሔ አናጢ ሰፈር የሚሠራ ነገር ነው የሚመስለው። አራት ወፋፍራም የእንጨት ግንዶች፣ እያንዳንዳቸው አራት ሜትር ከምናምን፣ ሠላሳ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጎናቸው። ሁለቱን በሁለቱ ላይ አጋድሞ በመስቀል መልክ በቡሎን አሰራቸው። ከላይ የመድፉን መቆሚያ አስቀመጠ፣ ከሥር የብረት ሰሌዳ፣ መሃል ለመሃል ረጃጅም ቡሎኖች። ግንዶቹ መሬት ላይ ሲጋደሙ ሰፊ እግር ሆኑለት። ለቀላሎቹ የ12 ፓውንድ መድፎች (12 ፓውንድ፣ ማለትም 5 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝነው ጥይታቸው ነው) ደግሞ አንድ ግንድ እንደ ጅራት፣ ከሥሩ ሁለት የጋሪ ጎማ። ውበት የለውም። ግን ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይተኩሳል።

ለዚህ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ቀን ቢሞላ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናታል ውስጥ ሌዲስሚዝ ከተማ ላይ ያሉት ጄኔራል ጆርጅ ዋይት ከባድ መድፍ ይድረስልኝ ብለው ቴሌግራም ልከዋል። የሲሞንስታውን ወርክሾፖች ሌሊቱን ሲቀጠቅጡ አድረው ኦክቶበር 26 ላይ ፓወርፉል ጭና ተነሣች። ልብ በሉ፣ ባለ 4.7 ኢንቾቹ ከቴሪብል የወጡ አይደሉም፣ እሷ እንደዚያ ዓይነት መድፍ አልነበራትም። የእሷ ድርሻ ሐሳቡና የሠራተኞቿ እጅ ነው። ቀጥሎ ለዋናው ጦር የሄዱት የ12 ፓውንድ መድፎች ግን ከራሷ ላይ የተነቀሉ ነበሩ።

መርከቧ ደርባን ደረሰች፣ መድፎቹ ባቡር ላይ ተጫኑ፣ ኦክቶበር 30 ጠዋት ሌዲስሚዝ ገቡ። በዚያው ዕለት የጄኔራል ዋይት ጦር ከከተማዋ ውጭ ክፉኛ ተመትቶ እያፈገፈገ ነበር። መርከበኞቹ ከባቡር እንደወረዱ ቀላሎቹን መድፎች ወደ ውጊያው ጎትተው ሎንግ ቶም ላይ መተኮስ ጀመሩ፣ ለጊዜውም ዝም አሰኙት። ከሦስት ቀን በኋላ ባቡሩ ተቆረጠ። ከተማዋ ለ118 ቀናት ተከበበች። ጥይቱ የመጣው በልክ ስለነበር መርከበኞቹ በከበባው ጊዜ ሁሉ ቆጥበው ነበር የሚተኩሱት። ሁለቱ ትልልቅ መድፎች ሎንግ ቶሞቹን አላጠፏቸውም። ግን ቀርበው እንደልብ እንዳይመቱ አደረጓቸው፣ ለተከበበ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቴሪብል ራሷ በኖቬምበር መጀመሪያ ደርባን ገባች። ስኮት የከተማዋ ወታደራዊ አዛዥ ሆነ። የመርከብ ካፒቴን ከተማ ሲያስተዳድር ማየት ያልተለመደ ነው። በዙሪያዋ መድፍ ተከለ፣ የሚገባና የሚወጣውን ተቆጣጠረ፣ ደብዳቤና ጋዜጣ ሳንሱር አደረገ። በጎን ደግሞ የባቡር ወርክሾፖችን ይዞ ጎማ ያላቸው የ4.7 ኢንች ጋሪዎች ያሠራ ነበር። ቆይቶ ሰባት ቶን የሚመዝን ባለ 6 ኢንች መድፍ ሳይቀር በጎማ ላይ አስቀምጦ ወደ ሜዳ ላከ።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የፓውዛው ነገር ነው። ሌዲስሚዝ ከተከበበች በኋላ የቴሌግራፍ ሽቦው ተቆርጧል። በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቁ መልእክት መላላክ ይቻላል፣ ግን ፀሐይ ስትኖር ብቻ ነው። ስኮት የመርከብ ፓውዛ፣ ኤሌክትሪክ ማመንጫና ቦይለር የባቡር ፉርጎ ላይ ጫነ። ፓውዛው ፊት የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ ገጠመ፣ ይህ መሣሪያ ቀደም ሲል ራሱ የሠራው ነው። ሌሊት ብርሃኑን ወደ ደመናው ያነጣጥራሉ፣ መጋረጃውን እየከፈቱና እየዘጉ በአጭርና በረጅም ብልጭታ፣ በሞርስ ፊደል ይጽፋሉ። ከተራራ ጀርባ ያሉት የተከበቡት ሰዎች ደመናው ላይ ያነባሉ። ቦሮቹም የራሳቸውን ፓውዛ እያበሩ ሊያበላሹት ይሞክሩ ነበር።

ዲሴምበር 15 ላይ ሌዲስሚዝን ለማስለቀቅ የመጣው የጄኔራል ቡለር ጦር ኮሌንሶ በምትባል ቦታ ወንዝ ለመሻገር ሞክሮ ተሸነፈ። እዚያ ከነበሩት መድፎች ስድስቱ የ12 ፓውንድ የባሕር ኃይል መድፎች ናቸው፣ አዛዣቸውም የቴሪብል መኮንን። የጦሩ የመድፍ ኮሎኔል 12 የፈረስ መድፎቹን ይዞ ከእግረኛው ቀድሞ ጋለበ፣ ወንዙ ዳር ከተደበቁት ቦሮች ፊት ለፊት። ተኳሾቹ በጠመንጃ አለቁ፣ ከመድፎቹ አስሩ ተማረኩ። የመርከበኞቹ መድፍ በበሬ ስለሚጎተት ወደኋላ ቀርቶ ነበር፣ ያተረፋቸውም ይኸው ነው። ተኩሱ ሲጀመር በሬዎቹ ደነበሩ፣ ነጂዎቹ ሸሹ። የእንግሊዝ ጽሑፎች ነጂዎቹን በፍርሃት ይወቅሷቸዋል። ነጂዎቹ መሣሪያ ያልያዙ፣ በቀን ገንዘብ የተቀጠሩ አፍሪካውያን ናቸው። የማንም ነጭ ድል ለነሱ ምን ያመጣላቸው ነበር? እኔ ብሆንም እሸሻለሁ።

ሌዲስሚዝ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1900 ነፃ ወጣች። ከበባው ውስጥ የነበሩት የፓወርፉል ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው፣ ንግሥት ቪክቶሪያም በዊንዘር ተቀበለቻቸው። የቴሪብል ሰዎች ጭብጨባው አልደረሳቸውም። ጉዟቸው ገና ወደ ቻይና ነበር።

ቻይና ሲደርሱ ሌላ እሳት ጠበቃቸው። የውጭ ኃይሎችን መስፋፋት የሚቃወመው የቦክሰሮች ንቅናቄ ሰሜን ቻይናን አናውጦ፣ ፔኪንግ (የዛሬዋ ቤጂንግ) ያሉት ኤምባሲዎች ተከበዋል። ስምንት አገሮች ጦር ላኩ። ቴሪብል ከሆንግ ኮንግ ወታደር ጭና ሄደች። የደቡብ አፍሪካዎቹ የጎማ ጋሪዎች አሁንም አብረዋት ነበሩና የ12 ፓውንድ መድፎቹ ቶሎ ወርደው ቲየንትሲን ከተማ ላይ ተኮሱ። ከተማዋ በጁላይ አጋማሽ ተያዘች፣ በኦገስት 14 ኤምባሲዎቹ ተለቀቁ። ከተማዎቹ ከተያዙ በኋላ የተካሄደው ዝርፊያ በየአገሩ ወታደር እጅ የተፈጸመ ነውና፣ የመርከቧን ጀግንነት ብቻ የሚያወሩ ጽሑፎች ይህን ሲዘሉ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እስካሁን ያወራነው የወሬ ማሟሟቂያው ነው። የቴሪብል ትክክለኛው ሥራ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠላት በሌለበት፣ ሸራ ላይ በመተኮስ።

የዚያን ዘመን የባሕር ኃይል ተኩስ አሳፋሪ ነበር። በዓመታዊው ውድድር፣ በጠራ ቀን፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ባለ ዒላማ፣ ከሦስት ጥይት አንዱ ቢመታ ነው። ለምን? መርከብ ይናወጣል። ጎኑ ሲወርድ መድፉ ውሃ ያያል፣ ሲነሣ ሰማይ ያያል። የድሮው ዘዴ መድፉን በአንድ ከፍታ አስሮ፣ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ የሚያልፍበትን ቅጽበት መጠበቅ ነበር። በኮረኮንች በሚዘል ሚኒባስ ውስጥ ቆሞ በስልክ ቪዲዮ እንደመቅረጽ ነው። አሁን ብሎ ቁልፉን እስኪጫን፣ ክብሪቱ ጭሮ ጥይቱ እስኪወጣ ድረስ ያ ቅጽበት አልፏል።

ስኮት ከቴሪብል በፊት ሲላ የምትባል ክሩዘር ሲያዝ በ1898 አንድ ነገር አየ። ሁሉም ተኳሾች ሲስቱ አንዱ ብቻ ይመታል። ቀርቦ ሲያየው ሰውዬው የከፍታ መዘውሩን አንድ ቦታ ላይ አስሮ አልቆመም። መርከቡ ሲነሣ መድፉን ያወርዳል፣ ሲወርድ ያነሣል፣ ሳያስበው። ዓይኑ ከዒላማው አይለቅም። ስለዚህ በፈለገው ጊዜ መተኮስ ይችላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጎበዝ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ስኮት ሁሉም እንዲህ መሥራት የማይችሉት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መዘውሩ ከባድና ቀርፋፋ ስለሆነ ነው፤ ጥርሶቹን ቀይሮ አቀለለው። ማነጣጠሪያው ደካማ ስለሆነ ነው፤ ጥሩ ቴሌስኮፕ ገጠመ፣ ሲተኮስ ከመድፉ ጋር ወደኋላ ተመልሶ የተኳሹን ዓይን እንዳይመታም አደረገው። ልምምድ ስለሌላቸው ነው፤ ዶተር የሚባል ማሠልጠኛ ሠራ። መድፉ አፍ ፊት ትንሽ ዒላማ የተሣለበት ወረቀት ወደላይና ወደታች ይንቀሳቀሳል። ተኳሹ እየተከተለ ቃታ ሲስብ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ትጥላለች። ጥይት አይባክን፣ ባሕር መውጣት አያስፈልግ፤ ስህተቱን እዚያው ያየዋል። ለአጉራሾቹም ጥይት ቶሎ ማጉረስን የሚለማመዱበት የውሸት መድፍ ነበራቸው።

ሲላ በ1899 ውድድር ከመቶ 80 መታች። ብዙዎች አጋጣሚ ነው አሉ። ስኮት ያንኑ ዘዴ ሌላ መርከብ፣ ሌላ ሠራተኛ ላይ ሞከረው፤ ቴሪብል ላይ። ከጦርነት የተመለሱት እነዚያው ሰዎች በቻይና ጣቢያ ያንን የመሰለ ውጤት አመጡ። አንድ የመርከቧ ተኳሽ በ6 ኢንች መድፍ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስምንት ጊዜ ዒላማውን መታ። ከዚህ በኋላ አጋጣሚ ነው ማለት አልተቻለም። ለእኔ የቴሪብል ትልቁ አስተዋጽኦ ይህ ነው። ሲላ ዘዴውን አገኘች፣ ቴሪብል ደግሞ ሌላ ቦታም እንደሚሠራ አረጋገጠች።

በዚያው ጣቢያ ዊልያም ሲምስ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወጣት መኮንን ነበር። ከስኮት ተዋወቀ፣ ዘዴውን ተማረ፣ ለዋሽንግተን ሪፖርት በሪፖርት ላይ ላከ። ሰሚ ሲያጣ በ1901 ከአለቆቹ ራስ በላይ በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጻፈ። ለአንድ ተራ መኮንን ይህ ከሥራ የሚያስባርር ድፍረት ነው። ሩዝቬልት ግን ሰሙት፣ በ1902 የተኩስ ልምምድ ተቆጣጣሪ ሆነ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተኩስ የተለወጠው እንዲህ ነው።

የእንግሊዝ አለቆች ግን ዳተኛ ነበሩ። በቪክቶሪያ ዘመን አንድ መርከብ የሚመሰገነው በንጽሕናው ነው። ቀለሙ ያብረቀርቅ፣ ነሐሱ ይወልወል። ሁለተኛ አዛዦች ከኪሳቸው ቀለም ይገዙ ነበር። ተኩስ ደግሞ ጭስ ነው፣ ቀለም ያቆሽሻል። ስኮት አድሚራል ከሆነ በኋላም በዚሁ ጉዳይ በ1907 ከአለቃው ከአድሚራል ቤርስፎርድ ጋር በአደባባይ ተጣልቷል። መነሻውም በሥሩ ላለ አንድ መርከብ ከተኩስ ይልቅ ቀለም የተፈለገ ይመስላል የሚል አሽሙር በምልክት ማስተላለፉ ነው።

ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ የሚያስፈልገው ዓይንና እጅ ነው። ርቀቱ ወደ አስር ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጥይቱ አየር ላይ ብዙ ሴኮንድ ይቆያል፣ ዒላማው ይንቀሳቀሳል፣ የየመድፉ ተኳሽም በጭስና በውሃ ፍንጣቂ ዓይኑ ይጋረዳል። ስኮት ቀጥሎ የታገለለት ሐሳብ መድፎቹን ሁሉ ከፍ ካለ ምሰሶ ላይ አንድ ሰው አነጣጥሮ በአንድ ጊዜ እንዲተኩሳቸው ማድረግ ነው። ይህም ዓመታት ፈጀ። በኖቬምበር 1912 ተንደረር የተባለችው የጦር መርከብ በአዲሱ ዘዴ፣ ኦሪዮን ደግሞ በድሮው ጎን ለጎን ተኮሱ። የተንደረር ውጤት ስድስት እጥፍ ሆነ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ቴሪብል በሴፕቴምበር 1902 ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። የሷ ታሪክ እዚህ ላይ ይቀዘቅዛል። ጥገና ገባች፣ ተጨማሪ 6 ኢንች መድፎች ተገጠሙላት። ግን ዕድሜዋ አልፎ ነበር። የተሻለ ብረት የለበሱ ክሩዘሮች መጥተዋል፣ 900 ሰውና ተራራ የሚያህል ከሰል የሚፈልግ መርከብ ማንቀሳቀስ ደግሞ ኪሣራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጠባበቂያ ሆና ቆመች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ መድፏ ተነቅሎ ወታደር ወደ ቱርክ የባሕር ወሽመጥ ወደ ዳርዳኔልስ አመላለሰች። ከዚያ ፖርትስማውዝ ላይ የሠራተኛ ማደሪያ ሆነች። በ1920 ስሟ ተቀይሮ ፊስጋርድ 3 ተባለች፣ የመካኒክ ተማሪዎች ማሠልጠኛ አካል። በ1932 ለብረት ቁርጥራጭ ተሸጠች፣ የፈረሰችውም ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት ነው። ፓወርፉል በ1929 ቀድማት ሄዳለች።

ስኮት በ1924 ሞተ። በጁን 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሰርጓጅ መርከብ ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ዋጋ ያሳጣቸዋል ብሎ ጋዜጣ ላይ ጽፎ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መድፋቸውን ሲያስተካክል የኖረ ሰው ይህን መጻፉ ብዙዎችን አናዷል።

ሌዲስሚዝ ላይ የተጎተቱት መድፎች ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ስፖርት ሆነው ቀርተዋል። የባሕር ኃይሉ ቡድኖች መድፍ እየፈቱ፣ እየገጠሙ፣ እየጎተቱ ይሽቀዳደማሉ። ለንደን ላይ ይካሄድ የነበረው ትልቁ ውድድር፣ መድፉን በአጥርና በገደል ላይ በገመድ የሚያሻግሩበት፣ በ1999 ተቋረጠ። ፖርትስማውዝ አካባቢ ያለው ግን አሁንም በየዓመቱ ይካሄዳል። ጣት የሚቆረጥበት፣ እግር የሚሰበርበት ጊዜ አለ፣ ተወዳዳሪ ግን አይጠፋም።